የእሜቴ ሃምሳ ግራም

ውድ እህቴ፣

ከምንም በፊት ልታውቂው የሚገባውን ላስቀድም። እሜቴ በሕይወት አለች። ግን በጠና ታማለች፤ ያሳመምኳትም እኔ ነኝ። በየእሁዱ ስትደውዪ «አትጮህም?» ብለሽ በጠየቅሽኝ ቁጥር «ኧረ የለም፣ ለምዳዋለች» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የእንስሳት ሐኪሟ የሰጠችኝ አንድ ቅጽ ታገኛለሽ። ቅጹን ከመፈረምሽም ሆነ ቀደሽ ከመጣልሽ በፊት ግን የሆነውን ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ፤ በማታውቂው ነገር ላይ ወስኚ ማለት ግፍ ነው።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም ትዪኝ ይሆናል። ትናንት ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። መጀመሪያ ከሆስፒታል ከወጣሽ ወዲህ እቤቷ የምታስታምምሽ የወንድማችን ልጅ አነሳችውና፣ «ዛሬ ያለ ሰው ድጋፍ አስራ አራት እርምጃ ሄደች፤ የሚያስደነግጣት ነገር እንዳትነግራት» አለችኝ። ሁለተኛ ስደውል አንቺው አነሳሽው፤ ድምፅሽ ደስታ ደስታ ሲለኝ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬ ዘጋሁት። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን፣ ሾፌሩ፣ ነገ ዓርብ አውቶብሱን ይዞ ወደ እናንተ ከተማ ይመጣል። ደብዳቤ እንዲያደርስልኝ ስለምነው፣ «ጋሽ መምህር፣ በዚህ ዘመን ደብዳቤ? በስልክ አይሻልዎትም?» አለኝ።

«በስልክ እዋሻለሁ» አልኩት።

ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎት።

ወደ ሆስፒታል የወሰዱሽን ዕለት አስታውሰዋለሁ። ከበርጩማው ላይ ወድቀሽ፣ ዳሌሽ ተሰብሮ፣ በቃሬዛ ደረጃውን ሲያወርዱሽ ስለ ራስሽ አንዲት ቃል አልተናገርሽም። «ጋሼ፣ እሜቴን አደራ!» ነው ያልሽው። ታችኛው ደረጃ ላይ ስትደርሺ ደግሞ፣ «እንዳታስርባት እሺ! ያንተን ጠባይ አውቀዋለሁ!» ብለሽ ጮኽሽ። ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች እሜቴ የምትባል አሮጊት እቤት ተኝታ መስሏቸው፣ አንደኛው ዞር ብሎ ክፉኛ ገላመጠኝ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር። አደራ በላ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ አደራውን ያስራበ ሰው ግን ከእኔ በፊት መኖሩን እንጃ።

አንቺ ድመትሽን የምትመግቢያት በጭብጥሽ ነበር። ከስፌት መኪናሽ ሳትነሺ እጅሽን የምግቧ ከረጢት ውስጥ ታስገቢና ያፈስሽውን ሳህኗ ላይ ትበትኚዋለሽ። አንድ ቀን «ጭብጥ ስንት ግራም ነው?» ስልሽ፣ ክሩን በጥርስሽ እየበጠስሽ «እንደ ረሃቧ ነዋ» አልሽኝ።

«‹እንደ ረሃቧ› መለኪያ አይደለም።»

«ለአንተ አይደለም። ለእሷ ነው።»

እሷም ሆዷ ወለሉን እስኪጠርግ ወፈረች። እኔ ወፈረች ስል አንቺ «አጥንቷ ሰፊ ነው» ትያለሽ። እውነቱን ልናገርና፣ አንቺ ሆስፒታል ገብተሽ ሳምንት ሳይሞላ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር እሷን በቅርጫት ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነበር። ስለ ጤናዋ አስቤ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን በተመለስሽ ጊዜ በወረቀት ላይ አስቀምጬ ትክክለኛው እኔ እንደነበርኩ ላሳይሽ መፈለጌም አልቀረም።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ የእኔ ተማሪ ለመሆን አስር ዓመት ዘግይታ የተወለደች። መዘነቻት፤ ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ። «ውፍረቱ ለልቧም ለመገጣጠሚያዋም አይበጃትም» አለችኝ። «ከዚህ ምግብ በቀን ሃምሳ ግራም ይስጧት። ግን ቀስ ብላ ነው መክሳት ያለባት መምህር። በሁለት ሳምንት መልሰው ያምጧት፣ እንመዝናታለን።» የታዘዘው ደረቅ ምግብ የሁለት ኪሎ ከረጢት ነበር። ሁለት ሺህ ሲካፈል ለሃምሳ፣ አርባ። የቀን መቁጠሪያው ላይ አርባኛውን ቀን ከብቤ «አዲስ ከረጢት» ብዬ ጻፍኩበት።

የቀረው መለኪያ ነበር። መታጠቢያ ቤት ያለው ሚዛን የሰው መመዘኛ ነው፤ ከግማሽ ኪሎ በታች አያውቅም። ዕቃ ሳገላብጥ አንዲት ደንበኛሽ ያመጣችልሽን፣ አንቺ ግን አንድም ቀን ያልተጠቀምሽበትን የላስቲክ መለኪያ ጆግ አገኘሁ። በጎኑ ላይ በግራም የተጻፉ ረድፎች አሉት፤ አንዱ ለውሃ፣ አንዱ ለዱቄት፣ አንዱ ለስኳር፣ አንዱ ለሩዝ። የድመቷ ምግብ ፍሬ ፍሬ ስለሆነ የሩዙን ረድፍ መረጥኩ። ሃምሳ በሚለው ላይ በቀይ ቀለም አሰመርኩ። ጠዋት ጠዋት እስከ ቀዩ መስመር እሞላና ግማሹን ወዲያው፣ ግማሹን ማታ እሰጣታለሁ። አንዲት ፍሬ ከመስመሩ በላይ ከሆነች ወደ ከረጢቱ እመልሳታለሁ።

ደብተርም አዘጋጀሁ፤ ቀን፣ የተሰጠ፣ የተበላ፣ ክብደት፣ አስተያየት።

በስምንተኛው ቀን መጮህ ጀመረች። አስተያየት በሚለው ሥር «ልመና» ብዬ ጻፍኩ። ባዶ ሳህኗን በአፍንጫዋ እየገፋች ከኩሽናው በር እስከ ወንበሬ እግር ታመጣው ጀመር፤ «ልመና፣ ከነሳህኑ» ብዬ ጻፍኩ። በአስራ ዘጠነኛው ቀን የቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫትሽ ውስጥ ገብታ የሱፍ ጨርቅ ስታላምጥ ያዝኳት። እሱንም መዝግቤዋለሁ፤ «የጠባይ መበላሸት» ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት የተማሪ ለቅሶ ሰምቼ ነጥብ ያልጨመርኩ ሰው ለድመት እጨምራለሁ እንዴ? እንዲህ እያልኩ፣ እግሬ ላይ ስትታሸኝ ጋዜጣዬን ከፍ አድርጌ አነብ ነበር።

ክብደቷን የምወስደው እሷን ታቅፌ ሚዛኑ ላይ በመውጣት፣ ከዚያም የራሴን በመቀነስ ነው። ስድስት ተኩል ሆነች። ቀጥሎ ስድስት። ቀጥሎ አምስት ተኩል። ግራፉን ሠርቼ ከስፌት መኪናሽ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፤ መስመሩ እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብሎ ይሄድልኝ ነበር። ለዚህም ነው በሁለት ሳምንት አምጣት የተባልኩትን የተውኩት። ያለፈን ተማሪ ማካካሻ ፈተና ተቀመጥ የሚለው ማን ነው?

አንቺ በየእሁዱ ትደውያለሽ።

«ቀጠነች?»

«በጣም።»

«ከኔ የተሻልክ ሆንክ በለኛ!»

«ስሌት ነው።»

«አትጮህም?»

«ኧረ የለም፣ ለምዳዋለች።»

እንዲህ ስልሽ እሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ስልኩን እያየች ትጮህ ነበር። እንዳትሰሚያት ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዞርኩት። እህቴ፣ ከሁሉም የሚከብደኝ ይሄ ነው። ጆግ ማንንም ያሳስታል። ስልኩን ያዞርኩት ግን እኔ ነኝ፣ እያወቅኩ።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ጩኸቷ ቆመ። ከሰጠኋትም ግማሹን ትታ ሄደች። አስተያየት በሚለው ሥር «ተስተካከለች» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት።

ማክሰኞ አርባኛው ቀን ሆነ። የቀን መቁጠሪያው አዲስ ከረጢት ግዛ ስላለኝ ወጣሁና ከማዕዘኑ ሱቅ ገዛሁ። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ አሮጌውን ከረጢት ያይ ነበር፤ እኔ ስሌቱን ስለማምነው አላየሁም። እቤት ገብቼ አዲሱን ላስቀምጥ ቁም ሳጥኑን ስከፍት አሮጌው ቆሞ ጠበቀኝ። አነሳሁት። ከባድ ነው። ሁለት ሺህ ለሃምሳ አርባ መሆኑን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል፤ ከረጢቱ ግን አልሰማም። ለጥቂት ጊዜ ታቅፌው ቆምኩ። ከዚያ ከረጢቱንም ጆጉንም ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ።

ባለሱቁ ከረጢቱን ሚዛኑ ላይ ጣለው። «አንድ ሺህ አርባ» አለ። «መምህር፣ እሜቴ ውጭ ነው እንዴ የምትበላው?»

ወረፋ የያዙት ሰዎች ሳቁ።

ጆጉን እስከ ቀዩ መስመር ሞልቼ ሰጠሁት። ገልብጦ መዘነውና «ሃያ አራት» አለ። ፊቴን አይቶ መሰለኝ ቶሎ ብሎ፣ «ሚዛኔ ልክ ነው መምህር፣ ያለፈው ሳምንት ነው ያስፈተሽኩት» አለኝ።

«ሚዛኑ አይደለም» አልኩት።

ከጆንያው ሩዝ ዘግኖ እስከዚያው መስመር ሞላና መዘነ። ሃምሳ፣ ያላነሰ ያልበለጠ። ደስ አለው። «አዩ? ይሄ የድመት ነገር እኮ አየር ነው፣ ክፍት ክፍት ነው። ሩዝ ድፍን ነው። ልጅ ሆነን አስተማሪያችን አንድ ኪሎ ጥጥና አንድ ኪሎ ብረት…»

«አውቀዋለሁ» ብዬ አቋረጥኩት።

አውቀዋለሁ። በየዓመቱ መጀመሪያ ቀን ለአዲስ ክፍል የማቀርበው ጥያቄ እሱ ነበር። የቱ ይከብዳል? ስል ልጆቹ «ብረት!» ብለው ይጮኻሉ፤ እኩል ናቸው ስላቸው ይናደዳሉ። ቀጥዬ፣ አንድ ጆግ ጥጥና አንድ ጆግ ብረትስ? እላለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ጠይቄዋለሁ። ለራሴ ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

ባለሱቁ ሃምሳ ግራም መዝኖ በወረቀት ጠቀለለልኝ። እየሮጥኩ ማለት ይቻላል፣ እቤት ደርሼ ሁሉንም አንዴ ሳህኗ ላይ ዘረገፍኩት፤ ቁልል ብሎ ከአፉ ፈሰሰ። እሜቴ ከስፌት መኪናሽ ሥር ወጣች። አሸተተችው። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ዞራ ወደ ቦታዋ ሄደች። ያን ሁሉ ቀን የለመነችኝን ስሰጣት አልፈልግም አለችኝ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ጥቂት ፍሬ በእጄ ይዤ አባበልኳት። በዚህ ዕድሜዬ ለመነሳት የወንበሩን እግር መያዝ ነበረብኝ።

በዚያው ሰዓት ወደ ዶክተሯ ወሰድኳት። ዶክተሯ የጆሮዋን ውስጥ ገልጣ አሳየችኝ፤ ቢጫ ሆኗል። ከንፈሯንም ከፍ ስታደርገው ድዷ ቢጫ ነው። «ጉበቷ ነው» አለችኝ። ወፍራም ድመት ድንገት ስትራብ ያ ሁሉ ስብ ወደ ጉበቷ ይሄዳል፤ ጉበቱ ሲታመም ደግሞ የምግብ ፍላጎቷ ይጠፋል፤ ባልበላች ቁጥር ይብስባታል። የምትድነው በመብላት ነው፤ መብላት ደግሞ አትችልም። ከዚያ መዘነቻት። አምስት ኪሎ ከአራት መቶ።

«መምህር፣ በሁለት ሳምንት ያምጧት ብዬዎት ነበር» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደብተሬን አሳየኋት። ገጹን እየገለበጠች ስታነብ «ልመና» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። ደብተሩን ዘግታ መለሰችልኝ።

አሁን በየሁለት ሰዓቱ የተፈጨ ምግብ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በአፏ ጎን እሰጣታለሁ። ይህን ስጽፍልሽ ሁለት ጊዜ አቋርጬ ተነስቻለሁ። አስር ሚሊ ሊትር እሰጣለሁ፤ ከዚያ ውስጥ የምትውጠው አራት ቢሆን ነው፤ የቀረው ሸሚዜ ላይ ነው። ሸሚዙን መቀየር ትቻለሁ። አንገቷን ስይዘው ከፀጉሯ በታች ያለው አጥንት ቀጭን ነው፤ አጥንቷ ሰፊ ነው ያልሽው ለካ ትክክል አልነበረም፤ ይሄን እንኳ በማረሜ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ዶክተሯ እንዲህ አለችኝ፤ በስሪንጅ ብቻ የሚበቃትን ያህል አታገኝም። ቅዳሜ ጠዋት አደንዝዛት በአንገቷ በኩል ቀጭን ቱቦ ልታስገባላት ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በቱቦው እንመግባታለን። አስራ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዚህ ጉበት ማደንዘዣው ከባድ ነው፤ «ላትነቃ ትችላለች፣ አልዋሽዎትም» አለችኝ። ቱቦው ካልገባ ደግሞ እንዲሁ እየደከመች ትሄዳለች።

«የመዳን ዕድሏ ስንት በመቶ ነው?» አልኳት።

«መምህር፣ በመቶኛ የማስቀምጥልዎት ነገር አይደለም።»

ቅጹን እኔም መፈረም እችል እንደሆነ ጠየቅኳት። «እቤት የያዟት እርስዎ ስለሆኑ ይችላሉ» አለችኝ፤ ብዕርም ሰጠችኝ። ብዕሩን መለስኩላት። አርባ ቀን ሙሉ ስላንቺ ድመት ሳላማክርሽ ወስኛለሁ፤ ይህኛውን ያላንቺ አልወስንም። «እህቴ ነች የምትወስነው፤ ግን እሷም ሕመምተኛ ናት» ስላት፣ «እንግዲያው እስከ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት እጠብቅዎታለሁ» አለችኝ።

የወንድማችን ልጅ ይህን ደብዳቤ በማንበብሽ ትቆጣኛለች። ትቆጣ። ባልሽ ከሞተ በኋላ ወደዚህ ቤት ከመጣሽ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ በእነዚህ ዓመታት የነገርኩሽን ነገር ሁሉ ሳስበው አብዛኛው እርማት ነው። ሻዩ ቀጠነ፣ መጋረጃው ተንጋደደ፣ ሬዲዮው ጮኸ። አንድ ጊዜ የደንበኛሽን ልክ ከደብተርሽ ላይ አይቼ የሰፋሽውን ቀሚስ በሜትር ለካሁትና «አራት ሴንቲ በልጧል» አልኩሽ። አንቺም ቀና ሳትዪ «ሰው ይተነፍሳል እኮ ጋሼ» አልሽኝ። ያን ቀን ለባልደረቦቼ እንደ ቀልድ አወራሁት። ዛሬ የሚያስቅ ሰው ሆኖ የሚታየኝ ሌላ ነው።

ላንቺ ሳልነግርሽ የኖርኩት ነገር አለ። ከትምህርት ቤት በጡረታ ስወጣ ማንም የማያርመኝ፣ እኔም የማላርመው ቀን እንዴት ይውላል ብዬ ፈርቼ ነበር። ቀኑን ያሳለፈልኝ የስፌት መኪናሽ ድምፅና ከድመቷ ጋር የምትነጋገሪው ነገር ነው። እኔ እዚያ ማዶ ጋዜጣ ያነበብኩ መስዬ እሰማችሁ ነበር። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ጸጥ ሲል እሜቴ ነበረች የምትናገረው፤ እኔ ደግሞ የምትናገረውን «ልመና» ብዬ ጻፍኩት። እርቦኛል ነበር የምትለው። በትክክል፣ ደጋግማ፣ በየቀኑ ነግራኛለች። በዚህ ቤት ውስጥ ያልተሳሳተ መለኪያ እሷ ብቻ ነበረች።

ደክሞኛል፤ ግን ይህን ላሳዝንሽ አይደለም የምጽፈው። ሁለት ነገር እንድትመልሺልኝ ነው። የመጀመሪያው ቱቦው ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ነው። ይግባ ካልሽ ቅጹን ፈርሚው፤ ቅዳሜ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ፤ እስክትነቃም ከዚያ ንቅንቅ አልልም። አይግባ ካልሽም አልከራከርሽም፤ እስከ መጨረሻው በእጄ እመግባታለሁ። ባትነቃ ጥፋቱ የፊርማሽ እንዳይመስልሽ፤ የእኔ ነው፤ ይኸው በጽሑፍ ሰጠሁሽ።

ሁለተኛው፤ የዛሬ አራት ዓመት እሜቴ ታማ ምግብ አልነካም ብላ ነበር። አንቺ አንድ ቀን ሙሉ ጭንሽ ላይ አድርገሻት አበላሻት። ምን እንዳደረግሽ አላየሁም፤ እኔ ጎን ባለው ክፍል ተቀምጬ ፈተና አርም ነበር። ጣትሽ ላይ ነው ያደረግሽው? አሙቀሽው ነው? የምታወሪላትስ ነገር ነበር? ዘፈን ከሆነም ቃሉን ጻፊልኝ፤ ድምፄ አስቀያሚ ነው ብዬ ወደኋላ አልልም።

ሾፌሩ ነገ ከሰዓት በኋላ በአስር ሰዓት ወደዚህ ይመለሳል፤ ከመነሳቱ በፊት በርሽን ያንኳኳል። ብትቆጪም፣ ብትሰድቢኝም፣ አንድ መስመር ብቻ ቢሆንም፣ እባክሽ እህቴ፣ መልስሽን ጽፈሽ ጠብቂውና በእጁ ስጪልኝ።

ወንድምሽ